ስለ ጆርናል መረጣና ስለ አዲሱ አሠራራችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ደሴ ፒያሳ በሚገኘው ቤታችን የምርምር ጽሑፎቻችሁን የምታስተይቡ፣ የምታሳርሙ፣ ካርታና ሠንጠረዥ የምታሠሩ መምህራን፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና የመሥሪያ ቤት ባለሙያዎች በሰሞኑ ውሳኔያችን ቅር እንደተሰኛችሁ እናውቃለን። አንዳንዶቻችሁ በግንባር መጥታችሁ ነግራችሁናል፤ ሌሎቻችሁ ምንም ሳትሉ ቀብዳችሁን ተቀብላችሁ ሄዳችኋል፤ እውነቱን ለመናገር ከቁጣው ይልቅ ዝምታው ከብዶናል። ነገሩ ድንገተኛ ሆኖ ዕቅዳችሁን ላዛባባችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን የምናነሳው ስላልሆነ ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን ልናስረዳችሁ ወደናል።

ውሳኔው እንዲህ ነው። ክፍያ እስከተፈጸመ ድረስ በሁለት ሳምንት ውስጥ እናትማለን ብለው ለሚያስተዋውቁ የአካባቢ ሳይንስ ጆርናሎች (የምርምር መጽሔቶች) ጽሑፍ አዘጋጅተን ማስገባት አቁመናል። ለሌሎቹም ቢሆን እርማት ከመጀመራችን በፊት የመረጣችሁት ጆርናል በቅርብ ዓመታት ምን ምን እንዳወጣ ተቀምጠን እናነባለን፤ ለዚህም ተጨማሪ ጊዜና ክፍያ እንጠይቃለን።

“አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ምን አግብቶት ነው ጆርናል የሚመርጥልን?” የሚል ቃል ደርሶናል። አልተቀየምንም ብንል ውሸት ይሆናል። ምርምሩ የእናንተ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ሆኖም የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘው መምጣት ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ ይህን ሁሉ ገጽ የተየበ፣ ተመላሽ የሆነውንም ጽሑፍ ከአርታኢው መልስ ጋር ደግሞ ደጋግሞ ያየ ሰው፣ ጆርናሎቹ ወዴት እያዘነበሉ እንደሆነ ማወቁ አይቀርም።

አብዛኛው ወደ እኛ የሚመጣው ሥራ የመሬት አጠቃቀምና ሽፋን ለውጥን የሚመለከት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የላንድሳት የሳተላይት ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለማንም በነፃ ተለቀቁ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ 10 ሜትር ድረስ አጥርቶ የሚያሳየው ሴንቲኔል-2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ተከተለ፤ ስለዚህ አንድ ተማሪ ያለ ብዙ ወጪ የሐይቅን፣ የየጎፍን ወይም የቦርከናን ተፋሰስ የሠላሳ ዓመት ለውጥ በላፕቶፑ መሥራት ቻለ። ችግሩ ይህን የሚሠራው እሱ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከዓመታት በፊት “ደኑ ቀነሰ፣ እርሻው ጨመረ” የሚለው ውጤት ብቻውን ያሳትም ነበር፤ ዛሬ ግን አርታኢዎቹ ለውጡ በውሃው፣ በአፈሩ ወይም በካርቦን ክምችቱ ላይ ምን እንዳስከተለ፣ ካርታውም መሬት ላይ ካለው እውነታ ጋር ምን ያህል እንደተመሳከረ ይጠይቃሉ። የአፈር መሸርሸር ጥናቶችም እንዲሁ ናቸው። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ ያስማማውን የአፈር መሸርሸር መገመቻ ቀመር ወስዶ ካርታ ማውጣት ብቻ አሁን አያስኬድም፤ ገምጋሚው በመስክ የተለካ ቁጥር የት አለ ይላል። ከደሴ ብዙ በማይርቀው ማይባር እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የአፈር መሸርሸር ሲለካ የቆየበት ጣቢያ እያለ፣ ስንቱ የኛው አካባቢ ጽሑፍ ስሙን እንኳ ሳያነሣ እንደሚያልፍ ስናይ ይቆጨናል።

አንድ ምሳሌ እናንሣ። አንድ ደንበኛችን ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በላይና በታች የቦርከናን ውሃ ቀድቶ ክሮሚየምና እርሳስ የተባሉትን ብረቶች ያስለካበትን ጽሑፍ ይዞ መጣ። ጆርናሉን የመረጠው ኢምፓክት ፋክተሩን፣ ማለትም ጽሑፎቹ በአማካይ ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚያሳየውን ቁጥር፣ አይቶ ነበር፤ ጽሑፉም ወደ ገምጋሚ ሳይደርስ ከአርታኢው ጠረጴዛ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የጆርናሉን ያለፉ ሁለት ዓመታት ዕትሞች አንድ ላይ ስናገላብጥ፣ ስለ ብክለት የወጡት ጽሑፎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ብክለቱን ከምንጩ አንሥተው እስከ ሰው ማዕድ ድረስ የሚከተሉ ሆነው አገኘናቸው። የእርሱ ጽሑፍ ግን የወንዙን ውሃ ከዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ገደብ ጋር፣ ማለትም ለክሮሚየም በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ከሚለው ጋር አነጻጽሮ ያበቃል። ገበሬው ያንን ውሃ ሰላጣና ጎመን ያጠጣበታል፤ ለመስኖ ደግሞ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ያስቀመጠው ሌላ ገደብ፣ 0.10 ሚሊ ግራም፣ አለ። የሚገርመው፣ የሰላጣው የላቦራቶሪ ውጤት ከአባሪዎቹ መጨረሻ ላይ ተቀብሮ ተገኘ። ወደ ፊት አመጣነው፤ ርዕሱም ተቀየረ፤ ሌላ ጆርናልም ወደ ገምጋሚዎች ላከው። ገምጋሚዎቹ የክረምት ናሙና ስለጠየቁ ሥራው ገና አላለቀም፤ ቢሆንም አሁን የሚጠየቀው የሚመለስ ጥያቄ ነው። ተጨማሪ ክፍያ የምንጠይቀው ለዚህ ዓይነቱ ንባብ ነው።

ስለ ፈጣኖቹ ጆርናሎች ደግሞ ይህን እንላለን። የተከፈተ ኅትመት፣ ማለትም ማንም በነፃ የሚያነበው፣ በራሱ መልካም ነገር ነው፤ አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ ፖሊሲ አውጥታለታለች። ነገር ግን ወጪው ከአንባቢ ወደ ጸሐፊ ሲዞር፣ ያገኘውን ሁሉ እያተመ የሚከብርም ተፈጠረ። ስም ያለው ጆርናል እንኳ ዋስትና የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ዌብ ኦፍ ሳይንስ የተባለው የታወቁ ጆርናሎች መዝገብ ከ50 የሚበልጡ ጆርናሎችን ከዝርዝሩ ሲያወጣ፣ በአካባቢና በኅብረተሰብ ጤና ምርምር በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ጽሑፍ ያወጣ የነበረ አንድ ግዙፍ ጆርናልም፣ ከተሰጠው የትኩረት ወሰን የወጡ ጽሑፎች ያትማል ተብሎ አብሮ ወጥቷል። ለማዕረግ ዕድገት ብላችሁ ከደመወዛችሁ ቆጥባችሁ የከፈላችሁበት ጽሑፍ ኮሚቴ ፊት ዋጋ ሲያጣ፣ አስገቢዎቹ እኛ ሆነን መገኘት አንፈልግም።

ደግሞስ ለምን ትከፍላላችሁ? ኢትዮጵያ በሪሰርች ፎር ላይፍ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ጆርናሎችን በነፃ ወይም በቅናሽ በሚያስነብበው ፕሮግራም) የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ካሉ አገሮች አንዷ በመሆኗ ብዙ ታላላቅ አሳታሚዎች የኅትመት ክፍያውን ይተዉላታል። ደንቡ ከአሳታሚ አሳታሚ ስለሚለያይና አንዳንዱ ሲያስገቡ ካልተጠየቀ በኋላ ስለማይቀበል፣ ይህን ማጣራት ከእንግዲህ በአገልግሎታችን ውስጥ ያለ ተጨማሪ ሒሳብ ይካተታል።

ስለ ዋጋው ጭማሪ ብዙ አንልም፤ ገበያውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የደስጣ ወረቀትና የቶነር ዋጋ አልቀመስ ብሏል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ማሽኖቻችንን በሙሉ አጥተን፣ ስንመለስ በተበደርኩት አንድ ፕሪንተር በሩን እንደገና ስከፍት፣ ቆማችሁ ተራ የጠበቃችሁ እናንተ ነበራችሁ፤ ይህን የምረሳ ሰው አይደለሁም። ያኔ ሁሉንም ሥራ እንቀበል ነበር፤ መብላት ነበረብን። ዛሬ የምንመልሰው እናንተን ጠልተን ወይም ጠግበን አይደለም።

ከዚህ ደብዳቤ በፊት ቀብድ ከፍላችሁ በመጠባበቅ ላይ ያላችሁ ሁሉ ሥራችሁ በድሮው ዋጋ ይጠናቀቃል፤ ለፈጣን ጆርናል የታሰበውም ከፈቀዳችሁ ያለ ጭማሪ ሌላ ጆርናል ይፈለግለታል። ቀብዳችሁን የወሰዳችሁም ብትመለሱ በደስታ እንቀበላችኋለን። ስትመጡ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን የላቦራቶሪውንና የመስኩን ጥሬ መረጃ፣ አባሪዎቹን ጭምር፣ ይዛችሁልን እንድትመጡ በትሕትና እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የድርጅቱ ባለቤት
ደሴ