ግቢ ከመልቀቅ በፊት፦ ስለ ዝውውር ለሚያስቡ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ጥቂት ሳምንታት እንደቆዩ በሬጅስትራር መስኮት ላይ አንድ ጥያቄ ይበረክታል፤ «ትራንስፈር ይቻላል ወይ?» የሚል። ጠያቂዎቹ ሰነፎች አይደሉም። ብዙዎቹ በምርጫቸው መጨረሻ ላይ የሞሉት ወይም ጭራሽ ያልሞሉት ዩኒቨርሲቲ የደረሳቸው፣ ከቤተሰብ የአንድና የሁለት ቀን መንገድ የራቁ፣ የከተማውን ቋንቋ የማይሰሙ ልጆች ናቸው። ለጥያቄያቸው የሚያገኙት መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዶርም ጓደኛ ወይም ከቴሌግራም የተቃረመ ነው። በዚያ መልስ ተመርተው አንድ ሁለት ዓመት የሚያጡ ስላሉ፣ ጉዳዩን ከመዝገብ ቤት በኩል እንዴት እንደሚታይ ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መባል ያለበት፣ ግቢ መልቀቅ ራሱ የከፋ ውሳኔ አለመሆኑን ነው። የከፋው ሳይናገሩ መጥፋት ነው። በሂሳብ እንየው። አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ሰሚስተር 16 ክሬዲት ወስዶ አማካይ ውጤቱ 2.60 ሆነ እንበል፤ ሲባዛ 41.6 ግሬድ ፖይንት ይዟል ማለት ነው። በሁለተኛው ሰሚስተር 17 ክሬዲት ተመዝግቦ፣ ሆድ ሲብሰው ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። የወጣ መሆኑን መዝገቡ አያውቅም። ያልተፈተናቸው ኮርሶች መጀመሪያ «ኤን ጂ» (ግሬድ ያልተሰጠው) ተብለው ይቆዩና የማሟያው ጊዜ ሲያልፍ ወደ ኤፍ፣ ማለትም ወደ ዜሮ ነጥብ፣ ይለወጣሉ። 41.6 ለ33 ሲካፈል 1.26 ነው። ለመቀጠል የሚፈለገው አማካይ በአብዛኛው 2.00፣ በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ በአንዳንድ ቦታ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ደህና ተማሪ የነበረው ልጅ በወረቀት ላይ በውጤት የተባረረ ሆኖ ያርፋል። በውጤት የተባረረን ተማሪ በዝውውር የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።

ያው ተማሪ በዚያው ሳምንት ዊዝድሮው፣ ማለትም ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ፣ ቢሞላ ኖሮ 2.60ው እንዳለ ይቆይለት ነበር። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ቅጹ ከሬጅስትራር ይወሰዳል፤ ምክንያቱ ተጽፎ ማስረጃ ካለ ይያያዛል፤ አማካሪው ወይም የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይፈርምበታል። ከዚያ ክሊራንስ (ዕዳና የተዋሱት ዕቃ እንደሌለ የሚያረጋግጥ ፊርማ) ይዞራል፦ ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ተማሪው ዕቃ የተዋሰበት ክፍል ሁሉ። መታወቂያና የምግብ ካርድ ይመለሳሉ። በመጨረሻ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ተማሪው ለራሱ ይዞ መውጣት አለበት። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ ቅጹን አስገብተው ቅጂ ሳይቀበሉ ይሄዱና በዓመቱ ሲመለሱ ፋይላቸው ውስጥ ምንም አይገኝም። ሌላው ስህተት ጊዜ ማሳለፍ ነው። የሴኔት ደንቦች ከማጠቃለያ ፈተና በፊት ባለ አንድ የታወቀ ሳምንት ላይ የዊዝድሮውን በር ይዘጋሉ። ቀኑ በአካዳሚክ ካላንደሩ ላይ አለ፤ ገና ሰሚስተሩ ሲጀመር ማየት ነው።

ለመመለስም ቀመር አለው። አብዛኞቹ ኮርሶች በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጡ፣ በሁለተኛው ሰሚስተር ያቋረጠ ተማሪ የሚመለሰው በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሰሚስተር ነው። የሪአድሚሽን (እንደገና የመግባት) ማመልከቻ የሚገባውም ከምዝገባ ቀደም ብሎ እንጂ በምዝገባ ቀን አይደለም። ስለዚህ ለመልቀቅ የቆረጠ ተማሪ ቢችል የያዘውን ሰሚስተር ጨርሶ ቢወጣ ይሻለዋል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ያለ ሰሚስተር ወደየትም አይዛወርም፣ የተጠናቀቀ ግሬድ ግን ይዛወራል።

አሁን ወደ ውሳኔው እንምጣ። ዝውውር የሚጠይቁ ተማሪዎች በአንድ ቃል «ግቢው አልተመቸኝም» ይላሉ፤ ውስጡ ሲታይ ግን ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር ነው፤ የሚከፈትለት በርም የተለያየ ነው። አንድ ጥያቄ ብዙ ይለያል፦ ይኸው ትምህርት በቤተሰቦችህ ቤት አጠገብ ባለ ዩኒቨርሲቲ ቢሰጥ ደስ ብሎህ ትማረው ነበር? «አዎ» ከሆነ ችግሩ ቦታው ነው። «እዚያም ቢሆን አልወደውም» ካለ ችግሩ ዲፓርትመንቱ ነው፤ ለዲፓርትመንት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መቀየር አያስፈልግም። «ምንም ነገር አያስደስተኝም፤ እንቅልፍ የለኝም፤ ምግብ አልበላ አለኝ» የሚል ከሆነ ደግሞ ቀድሞ መሄድ ያለበት ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ነው። ጥያቄው የሚጠየቅበት ጊዜም ይወስናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወይም የሚድ ውጤት በተለጠፈ ማግስት የሚሰጥ መልስ አይታመንም፤ በዚያ ሰዓት ሁሉም ነገር ጨለማ ነው። አንድ ሙሉ ሰሚስተር አልፎ ሰው ሲረጋጋ መልሱ ያው ከሆነ ግን በቁም ነገር ሊወሰድ ይገባል።

የዲፓርትመንቱን ጉዳይ በአጭሩ እንጨርሰው። ፍሬሽማን የሚባለው የጋራ ኮርሶች የሚወሰዱበት የመጀመሪያ ዓመት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተመለሰ የትምህርት ክፍል ድልድል የሚደረገው ከዚያ በኋላ በምርጫና በውጤት ነው። የማይፈልገው ክፍል የደረሰው ተማሪ በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ፣ የአድና ድሮፕ (ኮርስ የመጨመሪያና የመተዊያ) ጊዜ ሳያልፍ፣ ከሚለቀው ክፍልና ከሚቀበለው ክፍል ፊርማ አሰባስቦ ማመልከት ይችላል። የሚወስነው ክፍት ቦታ መኖሩና ውጤቱ ተቀባዩ ክፍል በዚያ ዓመት ከቆረጠበት ነጥብ መድረሱ ነው። ይህን ሳይሞክሩ ዩኒቨርሲቲ ለመቀየር መነሳት ረጅሙን መንገድ መምረጥ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚደረገው ዝውውር ጠባብ ነው፤ ይህን ማለባበስ ተማሪን ማታለል ይሆናል። መደበኛ ተማሪዎችን የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ከምደባ በኋላ ናፍቆትና ርቀት ብቻቸውን ምክንያት ሆነው አይቀርቡም። የሚታዩት ከባድ የጤና ችግርና እሱን የሚመስሉ ልዩ ሁኔታዎች ናቸው። የጤና ማስረጃ ሲባልም ከአንድ ክሊኒክ የተጻፈ የሕመም ፈቃድ ማለት አይደለም፤ የሚፈለገው ከሪፈራል ሆስፒታል የወጣ የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ ነው። ውሳኔው ላይ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን፣ ሕክምናው ተማሪው አሁን ባለበት ከተማ የማይገኝ መሆኑና የት እንደሚገኝ ካልተጻፈ ማመልከቻው ይመለሳል። ብዙ ማመልከቻዎች የሚወድቁት በሽታው ስላልታመነ ሳይሆን፣ በሽታው ከቦታው ጋር ስላልተያያዘ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ አዲስ ገቢዎችን በራሱ የመግቢያ ፈተና ስለሚቀበል፣ «ሚኒስቴሩ ወደዚያ ያዛውረኛል» ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

በር ሲከፈት የሚታየው ወረቀት ነው። የላኪው ሬጅስትራር ትራንስክሪፕቱን (የኮርሶችና የውጤት ዝርዝሩን) አሽጎ በቀጥታ ለተቀባዩ ሬጅስትራር ይልካል፤ በተማሪው እጅ ያለው ቅጂ ለመጠየቂያ እንጂ ለመወሰኛ አያገለግልም። ተቀባዩ ትምህርት ክፍል ኮርስ በኮርስ ያወዳድራል፤ ይዘቱ ይመሳሰላል ወይ፣ ክሬዲቱ ያንሳል ወይ፣ ግሬዱ ሲ እና ከዚያ በላይ ነው ወይ? ለዚህ የእያንዳንዱ ኮርስ ዝርዝር መግለጫ ያስፈልጋል። የኮርሱ ስም ብቻ ሲቀርብ፣ ስሙ ትንሽ ከተለየ ወይም ሦስት ክሬዲት የነበረው እዚያ አራት ከሆነ፣ ኮርሱ እንደገና እንዲወሰድ ይደረጋል።

እዚህ ላይ ዓመቱ ልዩነት ያመጣል። የፍሬሽማን ኮርሶች፣ ለምሳሌ ሎጂክ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ በየዩኒቨርሲቲው አንድ ዓይነት ስለሆኑ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ የሚዛወር ተማሪ የሚያጣው ጥቂት ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ በተለይ ኢንጂነሪንግ ውስጥ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ኮርሶቹ በቅድመ ሁኔታ ተያይዘዋል፤ አፕላይድ ማቲማቲክስ አንድ በተቀባዩ ዘንድ ካልተያዘ አፕላይድ ማቲማቲክስ ሁለት አይወሰድም፤ ይህን ሁለተኛውን የሚጠብቁ ኮርሶችም አሉ። አንዲት የሦስት ክሬዲት ኮርስ ሳትያዝ ብትቀር፣ የምትሰጠው በዓመት አንዴ ከሆነ፣ ምረቃውን በዓመት ልትገፋው ትችላለች። ስለዚህ ከመወሰን በፊት የሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች ካሪኩለም ጎን ለጎን አስቀምጦ የቀሩትን ሰሚስተሮች መቁጠር ግድ ነው። ትርፉ አንድ ዓመት ብቻ ሆኖ ኪሳራው ሁለት የሚሆንበት ጊዜ አለና።

በቴሌግራም «ትራንስፈር እናስጨርሳለን» ወይም «ቅያሪ እናገናኛለን» ብለው ብር የሚቀበሉ ሰዎች አሉ። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች በደብዳቤ ሳይጻጻፉ የሚያልቅ ዝውውር የለም፤ ደብዳቤውን ደግሞ ደላላ አይጽፈውም።

ወደ ግል ኮሌጅ መሄድ ለብዙዎች የቀረበው አማራጭ ነው፤ ቤተሰብ መክፈል ከቻለና ችግሩ በእርግጥ ርቀት ከሆነ አያሳፍርም። መጣራት ያለበት ግን ኮሌጁ ዕውቅና አለው ወይ የሚለው ብቻ አይደለም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው በፕሮግራም፣ በካምፓስና በመርሐ ግብር ተለይቶ ነው። አካውንቲንግ በአንዱ ካምፓስ በመደበኛ ተፈቅዶ በሌላው ካምፓስ በርቀት ላይፈቀድ ይችላል። የዕውቅና ደብዳቤው ላይ እነዚህን ሦስቱን ማየት፣ የሚያበቃበትን ቀንም ማንበብ ነው። ተማሪው የ12ኛ ክፍል ውጤቱን፣ በሪሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) የገባ ከሆነም ሪሜዲያሉን ያለፈበትን ማስረጃ ይዞ መውጣት አለበት፤ ይህ ወረቀት ሲጠፋ ችግሩ የሚወጣው በምረቃ ሰዓት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተመራቂ አንድ ዓይነት የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ስለዚህ የክፍያውን ያህል፣ ምናልባትም ከክፍያው በላይ፣ «ከዚህ ትምህርት ክፍል ባለፈው ዓመት ስንት ተፈተነ፣ ስንት አለፈ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ቁጥሩን መናገር የማይፈልግ ኮሌጅ መልሱን ሰጥቷል።

ወጪ መጋራትን ብዙዎች የሚያስታውሱት ዘግይተው ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው በየዓመቱ ውል ፈርሟል፤ ምግቡ፣ መኝታውና የትምህርቱ ወጪ ድርሻ በስሙ ተመዝግቧል። ማቋረጥ ዕዳውን አይሰርዘውም። ትራንስክሪፕት እንዲላክ ሲጠየቅም የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ይሆናል። ክሊራንስ ሲዞር የተቆረጠውን ዕዳ በጽሑፍ መቀበል በኋላ የሚመጣ ክርክርን ያስቀራል።

ስለ ጤናና ደኅንነት ግን ሌላ ሚዛን ያስፈልጋል። ከላይ «ሰሚስተሩን ጨርሱ» ያልነው ለናፍቆትና ላለመመቸት ነው። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ተማሪ፣ ዛቻ የደረሰበት ወይም ጥቃት የተፈጸመባት ተማሪ ሰሚስተር አይጠብቁም። መጀመሪያ ራስን ከአደጋ ማራቅ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ለተማሪዎች ዲን፣ ለክሊኒኩ ወይም ለሥርዓተ ፆታ ቢሮ በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ተማሪው መሄድ ካልቻለ ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድም እህት ደብዳቤውን ይዞ ይምጣ። በሕክምና ማስረጃ የተደገፈ ዊዝድሮው ዘግይቶም ቢሆን ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ምንም ካልተጻፈ ግን የሚረዳ ሰው ቢኖር እንኳ የሚይዘው ነገር የለውም። ድብርት ያለበት ልጅ ሳይታከም ቢዛወር ድብርቱ አብሮት እንደሚዛወርም ቤተሰብ ሊያውቅ ይገባል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጁ ሲደውል «ቻለው፣ ሰው ይስቅብናል» የምትሉት ለእሱ አስባችሁ መሆኑ ይገባናል። ነገር ግን ተማሪዎች ሳይናገሩ የሚጠፉት ብዙ ጊዜ ይህን መልስ ስለሚፈሩ ነው። «ሰሚስተሩ መቼ ያልቃል? ዊዝድሮው እስከ መቼ ነው? ግሬድህን አሳየኝ» ብላችሁ ብትጠይቁ ልጁ ይናገራል፤ ያኔ ለመወሰን የሚበቃ ጊዜ ይኖራል።

ለዩኒቨርሲቲዎች አስተዳደርም ጥያቄ አለን። የሴኔት ደንቡ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ብዙ ገጽ ይዞ፣ አዲስ ተማሪ በማያየው ቦታ ይቀመጣል። ስለ ዊዝድሮው፣ ስለ ሪአድሚሽንና ስለ ዝውውር የሚናገሩት አንቀጾች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና ተማሪው በሚሰማቸው ሌሎች ቋንቋዎች በአንድ ገጽ ታትመው በአቀባበሉ ሳምንት ከዶርም ቁልፍ ጋር ይሰጡ። የዊዝድሮው የመጨረሻ ቀን በየዶርሙ መግቢያ ይለጠፍ። የኮርስ መግለጫዎች በድረ ገጽ ይቀመጡ፤ ተማሪ ለአንድ መግለጫ ከየትምህርት ክፍሉ ደጅ እየጠና ሳምንት አይፍጅ። ሁለት ሳምንት የጠፋ ተማሪ ሲኖር አማካሪው ለተማሪውና ለቤተሰቡ የሚደውልበት አሠራር ይኑር፤ ስልካቸው በምዝገባ ቅጹ ላይ አለ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በሬጅስትራርና በተማሪዎች ምክር አገልግሎት የምንሠራ ባለሙያዎች