በሐምሌ ሙቀት ክራፒን ስለማጥመድ
ለተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፦

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በሚገኘው ሌክ አና ሐይቅ፣ ክራፒ የተባለው ዓሣ በዚህ ወቅት እንደ ፀደዩ ዳር ላይ አይገኝም፤ የላይኛው ውኃ ሲሞቅና የታችኛው ኦክስጅን ሲያንሰው፣ በመካከለኛው ጥልቀት በድልድይ ምሰሶዎች፣ በጀልባ ማቆሚያዎች ጥላና በሰመጡ ዛፎች ዙሪያ ይሰበሰባል። ዓይኑ ወደ ላይ የሚያይ በመሆኑ፣ ትንሽ ሕያው ዓሣ የሰካችሁበትን መንጠቆ ከመንጋው ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ከበታቹ የሚያልፈውን ብዙውን ጊዜ ዞር ብሎም አያየውም። ሲነክስ ዘንጉን በኃይል አትመንጭቁ፤ የአፉ ቆዳ እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ ይቀደዳል፤ ጀልባው አጠገብ ሲደርስም በእጅ መረብ ከሥር ተቀበሉት። ጎህ ሲቀድ ወይም ከመሸ በኋላ መውጣት ይሻላል፤ እኩለ ቀኑ፣ በእኔ አስተያየት፣ ለዋናተኞችና ለፈጣን ጀልባዎች ቢተው ይመረጣል። 16 ዓመት የሞላችሁ ሁሉ የግዛቱን የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ መያዝ ይኖርባችኋል።