የስኮትላንድን ዜና ስትተረጉሙ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስኮትላንድ ከብሪታንያ ነጻ ትውጣ ወይስ አትውጣ የሚለው ጉዳይ በተነሣ ቁጥር በእኛ ጋዜጦች ርእሱ «መገንጠል» ብሎ ይጀምርና ውስጡ «ነጻነት» ብሎ ይቀጥላል። እዚያ አገር ግን በቃሉ ምርጫ ወገን ይለያል፤ ደጋፊዎቹ «ነጻነት» ሲሉ ተቃዋሚዎቹ «መለየት» ማለት ይቀናቸዋል። የስኮትላንድ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔው መጀመሪያ ያቀረበው ጥያቄ «ስኮትላንድ ነጻ አገር መሆን እንዳለባት ይስማማሉ?» የሚል ነበር። የምርጫ ኮሚሽኑ ጥር 2005 ዓ.ም. «ይስማማሉ» የሚለው ቃል መላሹን ወደ «አዎ» ይገፋል ብሎ እንዲወጣ መከረ፤ ወጣም። የቀረው «ስኮትላንድ ነጻ አገር መሆን አለባት?» ብቻ ነው። እኛ ዘንድ «መገንጠል» የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 39 ጎትቶ ያመጣል፤ ደሴ ላይ ጋዜጣ የያዘ ሰው ስለ ኤድንብራ እያነበበ የሚከራከረው ስለ ራሱ አገር ይሆናል። ተናጋሪው ያለውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ አስገቡ፤ በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር ግን የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ቃል ያዙ።

ዓመቱም እንዲሁ። ድምፅ የተሰጠው መስከረም 8 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። «እ.ኤ.አ.» ሳይጨመር «የ2014ቱ ሕዝበ ውሳኔ» ተብሎ ሲታተም፣ ወሎ ውስጥ 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት የተያዙበት ዓመት ነው።

የባሰው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ላይ ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2006 ዓ.ም. ሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ ያወጣው፣ ዩጎቭ የተባለው የጥናት ድርጅት የሠራው ጥናት «አዎ» 51፣ «አይ» 49 አለ። ይህ ያልወሰኑት ከስሌቱ ወጥተው ነው፤ ሲገቡ 47 ለ45 ነበር። አንድ ሺህ ያህል ሰው በተጠየቀበት ጥናት የስሕተቱ ወሰን ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ነጥብ ገደማ ስለሆነ፣ የሁለት ነጥብ ብልጫ ማን እንደሚመራ አይናገርም። ግን በማግስቱ ፓውንድ ወረደ፤ በዚያው ሳምንት የሦስቱ የለንደን ፓርቲዎች መሪዎች ካሜሮን፣ ሚሊባንድና ክሌግ የፓርላማውን የጥያቄ ሰዓት ትተው ስኮትላንድ ገቡ። የመጨረሻው ውጤት «አዎ» 44.7፣ «አይ» 55.3 ሆነ። እንዲህ ያለ ቁጥር ስታትሙ ስንት ሰው፣ መቼ እንደተጠየቀ፣ ያልወሰኑት ይኑሩበት አይኑሩበት፣ ጥናቱንም ማን እንዳስጠና ከሥሩ ይጻፍ።

የፖለቲከኞችና የጋዜጠኞች ጠብ ከሁሉ በላይ የሚታየው ግን መስከረም 1 ቀን 2007 ዓ.ም. በተሰጠው መግለጫ ነው። የቢቢሲው ኒክ ሮቢንሰን፣ «አዎ» ካሸነፈ ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ለንደን ያዛውራል ስለ መባሉ የስኮትላንድን መንግሥት ይመሩ የነበሩትን አሌክስ ሳልሞንድን ጠየቀ። ጥያቄው ሁለት ነበር፤ አንዱ ስለ ግብር፣ ሁለተኛው ሕዝቡ ከኩባንያ አለቆቹ ይልቅ እርስዎን ለምን ይመን የሚል። ሳልሞንድ በረጅሙ ተናገሩ። የማታው ዜና «አልመለሱም» አለ። የመግለጫው ቅጂ በኢንተርኔት ስለነበር ተመልካቹ ጎን ለጎን አስቀምጦ አየው፤ መስከረም 4 ግላስጎው በሚገኘው የቢቢሲ ሕንፃ ፊት ሰልፍ ተወጣ፣ ጋዜጠኛው ይባረር የሚል ጽሑፍ ተይዞ። ሰልፉ ከልክ ያለፈ ይመስለኛል፤ ሳልሞንድም የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሱ እንጂ ሁለተኛውን ዞር ብለውታል። ነገሩን ያበላሸው አንዷ «አልመለሱም» ሁለቱንም ጠቅልላ መያዟ ነው። «አልመለሱም» ከመጻፍ በፊት ጥያቄዎቹን መቁጠር፣ የትኛው እንደተመለሰና የትኛው እንደቀረ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ቦታ ካለ መልሱን እንዳለ ማተም ነው።

የነጻነት ደጋፊዎቹ ሚዲያው አዳላ ብለው የሚያማርሩት በከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ከሕዝበ ውሳኔው በፊት ነጻነትን በግልጽ የደገፈው ጋዜጣ ሰንደይ ሄራልድ ብቻ ነበር። ዴይሊ ሪከርድ ደግሞ ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው የሦስቱን የለንደን ፓርቲ መሪዎች ቃል ኪዳን ከነፊርማቸው በፊት ገጹ አወጣ። እንዲህ ያለ ጋዜጣ በዜና ስትጠቅሱ አቋሙንም በአንድ ሐረግ ግለጹ። «ሚዲያው አዳላ» የሚል ፖለቲከኛ ሲገጥማችሁ ደግሞ የትኛው ዜና፣ በየትኛው ቀን፣ የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሆነ ጠይቁትና ከወቀሳው አጠገብ አትሙት።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ