የጥናት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

"ተማሪ ካላለፈ የጥናት ክበብ ምን ይሠራል?" የሚለውን ጥያቄ ዘንድሮ በወላጆች ስብሰባም በሻይ ቤትም ሰምቼዋለሁ። መልስ መስጠት ይገባኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የወደቀው የእኛ ልጅ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። የወሎ ልጅ ደግሞ 2014ን የጀመረው ጦርነት ውስጥ ሆኖ ነው። ይህ ሳይታይ "ሰነፎች" ሲባሉ መስማት ያመኛል።

መስከረም ላይ አባላት መዘገብን፣ ሥራ አስፈጻሚ መረጥን። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ተሰብስበናል፣ ቅዳሜ ጠዋት ቲቶሪያል ሰጥተናል፤ ቃለ ጉባኤው ዩኒት ሊደሩ ቢሮ አለ።

ልቤን የነካው የመጋቢቱ የደሴ ጉዞ ነው። ፈተናው በኮምፒውተርም መሰጠት ስለጀመረ፣ ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍሉን ለግማሽ ቀን ፈቀደልን። መኪናውን ወላጆች አዋጥተው ተከራዩ፣ ዳቦና ቆሎውን እናቶች ቋጠሩ። "አብሽሩ ልጆቼ፣ አላህ ያግራላችሁ" ብለው ሸኙን።

ሒሳብ ላይ ማንም የማይቀድማት አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለችን። ቤት ተከራይታ፣ ስንቋን በየሳምንቱ ከአገር ቤት ተሸክማ እየመጣች የምትማር ናት። ፓስወርዱን ስታስገባ ትልቁን ፊደል ከየት እንደምታመጣው ጠፋት። ጥያቄው ሲከፈትላት ማውሱን በሁለት እጇ ጨብጣ ገፋችው፤ ቀስቱ ስክሪኑ ጥግ ገብቶ ተደበቀባት። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። "ቲቸር፣ መልሱን አውቀዋለሁ፤ እጄ ነው እምቢ ያለኝ" አለችኝ። የምመልስላት አጥቼ በመስኮቱ የጦሳን ተራራ እያየሁ ቆየሁ።

ሰኞ ጠዋት የዘይት ካርቶን ቀድዳ፣ የኪቦርዱን ፊደላት እንደ ቅደም ተከተላቸው በማርከር ጽፋ መጣች። በእረፍት ሰዓት ካርቶኑን ዴስክ ላይ ዘርግታ ስሟን ትጽፋለች፤ በትንሿ ጣቷ ትልቁን ፊደል የሚያመጣውን ሺፍት ትይዛለች፣ በሌላው እጇ ፊደሉን ትነካለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ግንቦት ሲገባ ካርቶን የሌለው አባል አልነበረንም።

ያልተሳካም አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ቲቶሪያሉ ላይ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር፤ ልጆቹን አልወቅስም። የ9ኛ ክፍል አባላትን ከመጀመሪያው ሴሚስተር በኋላ ማቆየት አልቻልንም፤ እሱ የእኔ ጥፋት ነው። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ለሁሉም ስላልደረሰ ከመምህራን ስልክ ላይ በእጃቸው እየገለበጡ ነው ያጠኑት። ኮምፒውተር በደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጠይቀናል፤ ሦስቱንም ጊዜ "በጀት ሲለቀቅ" ተባልን። ልጆቹ ግን በጀቱ እስኪለቀቅ 12ኛ ክፍል ላይ አይጠብቁም።

እዚሁ ተምራችሁ ዛሬ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ፦ የሚሠሩ አምስት ኮምፒውተሮች ቢገኙ አባላቱን በፈረቃ እናለማምዳለን። ያገለገለ ኪቦርድና ማውስም እንቀበላለን። ክፍሉ ተጠርጓል፣ መስመሩም ተዘርግቷል። ርክክቡ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ በደረሰኝ ነው።