ዳገቱን ያየች ተማሪስ?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ መጻሕፍት ሽልማት የወጣውን ዘገባ በደስታ አነበብኩ። ደራሲ በሕይወት እያለ ሲከበር ማየት ደግ ነው፤ እኛ ዘንድ ምስጋና የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ቀብርን ተከትሎ ነውና። ቅሬታዬ ሌላ ነው። አንጋፋው ደራሲ ይሸለማል፣ ጀማሪው ገጣሚም ይሸለማል፤ መጽሐፉን መርምሮ «ይህ ተሳክቷል፣ ይህ አልሆነም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው» ብሎ የጻፈን ተማሪ ግን የሚያስታውሰው የለም።

አራት ኪሎ አካባቢ አማርኛ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼን አንድ ልቦለድ አንብባችሁ ሒስ ጻፉ አልኳቸው። አብዛኞቹ የጀርባ ሽፋኑን ገልብጠው መጡ (በመጽሐፍ ምረቃ ላይ «ሒስ» እየተባለ ከሚነበበው ሙገሳ ብዙም አይለይም)። አንዲት ልጅ ግን ስድስት ገጽ ጽፋ አመጣች። በልቦለዱ ውስጥ ባለታሪኩ ከራስ ሆቴል ወጥቶ በቸርችል ጎዳና «ቁልቁል እየሮጠ» ማዘጋጃ ቤት ይደርሳል። ልጅቷ «ይህን መንገድ በእግሬ አውቀዋለሁ፤ ዳገት ነው» ትላለች። እዚህ ላይ ብታቆም ስህተት ለቀማ ነው ብዬ ባለፍኩት። አላቆመችም። ሰውየው የሚሸሸው ዕዳውን ነው፤ ዳገት ቢሆንበት ትንፋሽ ያጥረው፣ ቆም ይል፣ ዞር ብሎ ለገሃርን ያይ ነበር። ደራሲው ቁልቁለት ሰጥቶት ከማሰብ ገላገለው፤ ምዕራፉ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው ትላለች። በሃያ ዓመት የመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ያለ አንቀጽ ያየሁበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው።

«ተማሪ ማን ሆኖ ነው ደራሲ የሚተቸው?» የሚል አይጠፋም። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን አይጠይቅም፤ እዚያ የቆጠሩትን፣ ማለትም ራሳቸው የደረሱትን ቅኔ ለመምህር መንገርና ሲታረም መስማት የየዕለት ሥራ ነው። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን በዓል ላይ የተማሪዎች ግጥም ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ይነበብ ነበር። ከዚያ ዘመን ተማሪ ገጣሚዎች አንዱ ዮሐንስ አድማሱ፣ ኋላ የገጣሚውንና የቲያትር ደራሲውን የዮፍታሔ ንጉሤን ሕይወትና ሥራ ያጠና ሐያሲ ሆኗል። ያኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅትም እነ ከበደ ሚካኤልንና ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሸልሟል። ተማሪውም አንጋፋውም የየራሱ መድረክ ነበረው። ሁለቱን አንድ አዳራሽ ውስጥ ማስቀመጥ ለእኛ የቀረ ሥራ ይመስለኛል።

አስቸጋሪም አይደለም። ለመጨረሻው ዙር የደረሱት መጻሕፍት ከሥነ ሥርዓቱ ሦስት ወር ቀደም ብለው ይታወቁ፤ ተማሪዎች ይጻፉባቸው፤ ዳኞች የጸሐፊውን ስም ሳያዩ ይመዝኑ። ያሸነፈው ሒስ ሳይቆራረጥ በጋዜጣችሁ ይውጣ። ሽልማቱ ዋንጫ ባይሆን እመርጣለሁ፤ መጽሐፍ ይሁን፣ ዋጋው ከተማሪ ኪስ አቅም በላይ ሆኗልና። በነገራችን ላይ፣ ዳኞችም ያሸነፈውን መጽሐፍ ለምን እንደመረጡ አንድ ገጽ ቢጽፉልን አንጠላም። ብዙውን ጊዜ የሚደርሰን ስሙና ጭብጨባው ብቻ ነው።

የልጅቷን ስም ያልጠቀስኩት አስቤበት ነው፤ የደራሲውንም እንዲሁ፣ መጽሐፋቸው በሌላ በኩል ጥሩ ነውና። ስድስቱ ገጾች ግን ፎቶ ኮፒ ተደርገው መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። የሽልማት አዘጋጆች ከፈለጓቸው ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአማርኛ መምህር፣ ከአራት ኪሎ