ቀዶ ሕክምና ጨርሳ አገሯ ለገባችው ሴት ማን ይደውልላት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጥቅምት ሲመጣ ሮዝ ሪባኑ ይበዛል። "ተመርመሩ" የሚለው ምክር ቢደጋገም ቅር አይለኝም፤ የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት በመታየት ከካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። የእኔ ጉዳይ ግን ከሕክምና በኋላ ስላለው ነው።

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ታክማ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ወዳለው ቤቷ ስትመለስ የያዘችው የቀጠሮ ወረቀት ብቻ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ "እጅሽን እንዳታነሺ፣ ቁስሉ ይከፈታል" ይላታል። ከፍቅር ነው። እሷም እሺ ብላ ክንዷን ደረቷ ላይ አጥፋ ከረመች። ትከሻዋ ተያዘና ጸጉሯን ማበጠር እንኳ አቃታት።

ባለሙያዎች የሚመክሩት ሌላ ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ቶሎ ይጀመራል፤ ለምሳሌ ጣትን ግድግዳ ላይ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ማስኬድ። የብብት ንፍፊት በቀዶ ሕክምና ከተወገደ ወይም ብብቱ ጨረር ከተሰጠው፣ ክንድ ከወራት አልፎ ከዓመታት በኋላም ሊያብጥ ይችላል። መጀመሪያ ቀለበት ይጠብባል፣ ክንድ ይከብዳል። ክንዱ ከቀላና ትኩሳት ካለ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሄድ ነው። የምጣድ ቃጠሎና የእሾህ ጭረትም በዚያ ክንድ ላይ ቀላል አይደሉም። እንጀራ ለምትጋግር ሴት ይህን የሚነግራት ማነው?

ይህን ሁሉ ለመስማት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ አያስፈልግም። በ2006 ዓ.ም. ገበሬዎች በነጻ ደውለው የእርሻ ምክር በቋንቋቸው የሚሰሙበት 8028 ተጀምሯል። ስንዴው ዋግ ሲመታው የሚደውልበት ያለው ገበሬ፣ የሚስቱ ክንድ ሲያብጥ የት ይደውል?

"አፕ ይሠራላቸው" የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ገጠር ያለው ስልክ ብዙ ጊዜ የባል ወይም የልጅ ነው፣ ያውም ቁልፍ ስልክ። ስለ ጡቷ በልጇ ስልክ፣ ሰው እየሰማ የምታወራ እናት ደግሞ አላውቅም። ስለዚህ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መሐል ይግቡ። ሴትዮዋ ቤት ሄደው ክንዷን በሜትር ይለኩ፤ የፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ባለሙያው ከሆስፒታል ሆኖ በስልክ ይምራቸው። ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚሰጠውን ታሞክሲፌን የምትወስድም አለች፤ መድኃኒቱ ቢያንስ አምስት ዓመት በየቀኑ የሚዋጥ ነው። ደህና ነኝ ብላ እንዳታቋርጠው የሚያስታውሳት ሰው ያስፈልጋታል። ከእሷ በፊት ታክማ የዳነች ሴት ብትደውልላት ደግሞ፣ እኛ ዘመዶቿ ልንላት የማንችለውን ትላታለች።

ይህ በጀት ይጠይቃል፣ ይገባኛል። እስከዚያው ግን ቀዶ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች መውጫ ወረቀቱ ላይ የፊዚዮቴራፒ ክፍሉን ስልክና የሚነሳበትን ሰዓት ይጻፉልን። ስልኩን የሚያነሳ ሰውም ይመድቡ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ