ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፦ ካርዶቼን ይመልሱልኝ

ይድረስ ለእርስዎ፣

ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱ መዝገብ ቤታችሁ ገብተው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ቁጥሩ እጄ ላይ አለ፤ መልሱ ግን እስካሁን አልመጣም። ሁለት ጊዜ በአካልም መጥቻለሁ። አንዴ ስብሰባ ላይ ነዎት አሉኝ። አንዴ ደግሞ «ጉዳዩ እየታየ ነው» አሉኝ። ማን እያየው እንደሆነ የነገረኝ የለም። ስለዚህ ወላጅም መምህርም እንዲያነበው በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ኅዳር ላይ ሱፐርቫይዘር ለክፍል ምልከታ መጣ። በዚያ ሰዓት ልጆቼ መሬት ላይ ተቀምጠው የፊደል ካርድ እየገጣጠሙ ቃል ይሠሩ ነበር። «ቤ» እና «ት» አስጠግተው «ቤት» አሉ። «ቤ»ን አንስተው «ሴ» ሲተኩ «ሴት» ሆነ። አንዷ ልጅ ማንም ሳይነግራት «ሌ»ን ፈልጋ አመጣችና «ሌት!» ብላ ጮኸች። ሌት ማለት ምን እንደሆነ ያወቀችው ከአያቷ ነው። ያን ቀን ደግሞ በእጇ ሠራችው።

ሱፐርቫይዘሩ ስለዚህ ምንም አላለም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እስከ ስንተኛው ፊደል ደረሳችሁ?» እውነቱን ተናገርኩ። 9 ፊደል ከነዝርያቸው አልኩት። ዕቅዱ ላይ ግን ገበታው በሙሉ ማለቅ ነበረበት። «ከዕቅድ ወደኋላ ቀርታለች» ተብሎ ተጻፈብኝ። ካርዶቹም ያልተፈቀደ መርጃ ናቸው ተብለው በፌስታል ተጠቅልለው ተወሰዱ። ልጆቹ እያዩ ነው የተወሰዱት። ያቺ ልጅ «መምህር፣ አጥፍተን ነው?» አለችኝ። እኔ መልስ አልነበረኝም። እርስዎ ካለዎት ይንገሩኝ።

የአፈጻጸም ነጥቤ ቢቀነስ ችዬው እኖር ነበር። ያልቻልኩት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው።

ጥር ላይ ከሌላ ክፍል አንድ ልጅ ተዛወረልኝ። ገበታውን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አንድም ሳይሳሳት ይወርደዋል። ድምፁም ያምራል። በእናንተ መመዘኛ ይህ ልጅ ጨርሷል። አጠገቤ አስቀመጥኩትና ወረቀት ላይ «ቦታ» ብዬ ጻፍኩለት። ጣቱን «ቦ» ላይ አሳረፈ። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፦ «በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ»። «ቦ!» አለኝ። ጣቱን ወደሚቀጥለው አሻገረ፦ «ተ ቱ ቲ ታ»። «ታ!» አለኝ።

«ጎበዝ፤ አንድ ላይስ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። የመጀመሪያውን ረስቶታል። እንደገና ከ«በ» ጀመረ። ሦስት ጊዜ ሞከረ። በመጨረሻ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «እኔ ማንበብ አልችልም» አለኝ። ሰባት ዓመቱ ነው።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ፊደሉን የሚያውቀው በተራው እንጂ በድምፁ አይደለም። ባለ 2 ፊደል ቃል ለማንበብ 11 ድምፅ ማውጣት ነበረበት። «ታ» ላይ ሲደርስ «ቦ» ከአእምሮው ብትጠፋ ምን ይገርማል? ትልቅ ሰውም ቢሆን ይጠፋዋል። ልጁ «ቦ»ን ሲያይ ወዲያው «ቦ» እንዲል ያስተማረው የለም። ሁለት ድምፅ እንዴት እንደሚጋጠምም ያሳየው የለም።

ይህን የቀደሙት መምህራን ያውቁታል። በቄስ ትምህርት ቤት ሀሁ ሲያልቅ አቡጊዳ ይመጣል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እየተባለ ተራው ይበተናል። ያኔ ልጁ አፉ የለመደውን ትቶ ፊደሉን በዓይኑ መለየት ግድ ይሆንበታል። እኛ ዜማውን ወስደን ይህን ተውነው።

ሳድስን ደግሞ ይመልከቱ። «ላም» ስንል «ም» ላይ ከንፈራችን ገጥሞ ይቀራል። «ምሳ» ስንል ግን «ም» ትንሽ ድምፅ አስከትላ ታልፋለች። ገበታው ላይ ያለችው «ም» አንድ ናት። በዜማ ብቻ የተማረ ልጅ «ላ፣ ም» ብሎ ለየብቻ ይጠራቸዋል፤ ላሟ አትመጣለትም። እኔ ልጆቼን ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አስደርጌ «ላም» አስብላቸዋለሁ። ሲገጥም ይሰማቸዋል። ይስቃሉ። ከዚያ በኋላ «ደም»ን፣ «ሰም»ን ለማንበብ እኔን አይጠብቁም። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ሱፐርቫይዘሩ ኋላ መቅረት ያለው ይህንን ነው።

በዕቅዱ መሠረት ከሄድኩ ግን በአንድ ወር 231 ፊደል ማሳለፍ አለብኝ። «ሀ»ን ያልለየ ልጅ ላይ «ሐ»ን እና «ኀ»ን መጨመር አለብኝ። ሦስቱም ድምፃቸው አንድ ነው። ከዚያ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ይከተላሉ። እነዚህ ይቅሩ አላልኩም። ማንበብ ከጀመረ በኋላ በቃሉ ውስጥ ያገኛቸዋል ነው ያልኩት።

ይህን መንገድ እኔ አላመጣሁትም፤ እርስዎም በደንብ ያውቁታል። በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የንባብ ምዘና ተደርጎ ብዙ የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳቃታቸው ታይቷል። ከዚያ በኋላ በሰባት የአገራችን ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጁ። ፊደልን ጥቂት በጥቂት፣ ከድምፅና ከቃል ጋር እያያዙ እንድናስተምር ተነገረን። ታዲያ መንግሥት ራሱ ያወጣው መንገድ እንዴት ነው ከክፍሌ በፌስታል የሚወሰደው? የዓለም ባንክ ግምት በአገራችን 10 ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶ የሚሆኑት አጭር ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም ይላል። የእኔ ተማሪ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። እዚያ ቁጥር ውስጥ እንዲገባብኝ አልፈልግም።

አሁን የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ሱፐርቫይዘሮቻችሁ ስንት ፊደል እንደቆጠርን መጠየቃቸውን ይተዉ። ልጁን ያስነብቡት። ሥዕል የሌለበት፣ አይቶት የማያውቀው ቃል ይጻፉለትና ዝም ብለው ይስሙት። ከፈለጉ እርስዎ ራስዎ ይምጡ፤ ያንን ልጅ አጠገብዎ አስቀምጥልዎታለሁ። አሁን ከትምህርት በኋላ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት አብሬው እቀመጣለሁ። ባለፈው ሳምንት «ቦታ»ን ሳይቆጥር አነበባት። ካርድ ስለሌለኝ ከደብተር በቀደድኩት ወረቀት ነው ያስተማርኩት።

ካርዶቼንም ይመልሱልኝ። ማታ ማታ ከካርቶን ቆርጬ በእጄ የጻፍኳቸው ናቸው። 63 ናቸው። ቆጥሬ እረከባለሁ።

የአንደኛ ክፍል መምህርት